የበሩ ተራ

ባሌ አናጢ ነው። እጁን ማንም አይንቀውም፤ እሱ የሠራው ቁም ሣጥን ቤቱ ቢፈርስ እንኳ ንቅንቅ አይልም። ምን ዋጋ አለው።

በፊት ቀዩ ከምንለው ጓደኛው ጋር አንድ ሱቅ ነበራቸው። በደንበኛ እንዳይጣሉ በሩን በሳምንት ተራ ያዙ። ባለተራው ደጅ ቁጭ ብሎ ይሠራል፣ የመጣው ሥራ ሁሉ የእሱ ነው፤ ሌላው ከኋላ ሆኖ መላጊያ ይገፋል። ባለተራው ከተነሳ ግን ተራው ያልፈዋል። አንድ ጠዋት፣ በባሌ ተራ፣ ምጥ ያዘኝ። ደግፎኝ ወደ ሐኪም ቤት ሮጠ። እሱ እንደወጣ አንድ ሰውዬ መጣና ለአዲስ ሆቴል የሚሆን አልጋና ወንበር አዘዘ። ቀዩ ተቀበለ። በቃ፣ ታሪኩ ይኸው ነው። ዛሬ ቀዩ ፋብሪካ አለው፤ ባሌ እዚያችው ሱቅ ብቻውን ቀረ።

ዓምና ሬዲዮ ላይ ቀርቦ የስኬቱን ምስጢር ተናገረ። "ሌላው ወዲያ ወዲህ ሲል እኔ ከበሩ አልተነሳሁም" አለ፣ አፉን ሞልቶ። እኔ ሳቄ መጣ። ባሌ ግን ሬዲዮኑን ዘጋው። ከዚያ ወዲህ ከሱቁ በር አይነሳም። ምሳውን እዚያው ይበላል፤ ዘመድ ቢታመም አይጠይቅም። ደንበኛ እንደሆነ ዝር አይልም፣ ሰው ሁሉ የሚገዛው የቀዩን ዕቃ ነው።

ትናንት ልጃችንን ትኩሳት አልለቅ አላት። ቁመቷ በልጦኛል፣ እግሯ ደግሞ አልሸከም ብሏታል። እንደምንም ሱቁ ድረስ አደረስኳትና "ተነስ፣ ሐኪም ቤት እንውሰዳት፤ ብቻዬን አልችላትም" አልኩት።

"ትንሽ ታገሺ፤ ዛሬ ሰው ሊመጣ ይችላል" አለኝ።

ደሜ ፈላ። "አንተ ሰውዬ፣ ቀዩን ያበለጸገው በር መጠበቁ መሰለህ? እኔን ምጥ ይዞኝ አንተ ይዘኸኝ ስለሮጥክ ነው። ዕድል ነው። እሱን ሬዲዮ ላይ ለምን አላወራውም?"

ልጄ ይህን ሰምታ አታውቅም። ከትከሻዬ ቀና አለች።

"አባዬ፣ እኔ ስወለድ ነው እንዴ ያመለጠህ?"

"ተይ የኔ እናት፣ ምን ሆነሻል" አላት። ግን መልስ ከመስጠቱ በፊት መንገዱን አየት አድርጎ ነበር። እሷም አየችው።

"ተይው እማዬ፣ ይጠብቅ" አለችኝ።

እየጎተትኩ ወሰድኳት። እስከ ታክሲው ድረስ እየተንቀጠቀጠች "ይቅርታ" ትላለች። ምኑን ነው ይቅርታ የምትይው ብላት አትሰማኝም።