ለኤፍ የተላከ ሽማግሌ

የመጨረሻ ውጤቴን የሰማሁት ዳንግላ፣ በትምህርት ቤቱ ዲሬክተር ቢሮ ውስጥ ቆሜ ነው። ከአዲስ አበባ ኮሌጅ የመጣው መምህራችን፣ ሁላችንም «ዶክተሩ» የምንለው፣ የዲሬክተሩን ወንበር ይዞ ተቀምጧል። ዲሬክተሩ እንደ እኔው ቆመዋል። ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበው ስለነበር ዶክተሩ እየጮኸ መናገር ነበረበት።

«የማስተማር ልምምድህን ወድቀሃል» አለኝ። «ኤፍ ነው የሰጠሁህ።»

የመምህርነት ትምህርቴን ለመጨረስ የቀረኝ ይኸው ልምምድ ብቻ ነበር። ሌላውን ሁሉ በደህና ውጤት አልፌያለሁ። ልምምዱን ለመሥራት ኮሌጁ ወደ ዳንግላ ሲልከኝ ደስ ብሎኝ ነበር፤ አገሬ ናት። የተወለድኩት ከእንጅባራ ወጣ ብሎ ካለ መንደር ነው። አፌን የፈታሁት በአውኚ ነው፤ የከተማው ሰው አገውኛ ይለዋል። አማርኛን የተማርኩት ትምህርት ቤት ገብቼ፣ ሲስቁብኝ እየሰማሁ ነው። ከዚያ በኋላ ግን ማንም እንዳይስቅብኝ አድርጌ ተማርኩት።

የሰጡኝ ሦስተኛ ክፍል ነበር። ልጆቹ አብዛኞቹ ከዳንግላ ዙሪያ ከገጠሩ እየተመላለሱ የሚማሩ ናቸው፤ ቤታቸው አማርኛ አይነገርም። ዲሬክተሩ ከደብረ ማርቆስ አካባቢ የመጡ ሰው ስለነበሩ አውኚ አያውቁም። ወላጅ በመጣ ቁጥር «ና እስቲ፣ እኒህ ሰው ምን እያሉ እንደሆነ ንገረኝ» ብለው ከክፍል ያስጠሩኝ ነበር። በዚህ ምክንያት ተግባብተን ሰነበትን። ስሠራም በየጊዜው እየገቡ አይተውኛል፤ አንድም ቀን ክፉ ቃል አልተናገሩኝም።

ዶክተሩ ሊገመግመኝ የመጣ ለት ላንድሮቨሩ ጭቃ ይዞት አርፍዶ ደረሰ። ትምህርቱ ከተጋመሰ በኋላ ገብቶ ከኋላ ተቀመጠ። የዕለቱ ትምህርት ስለ ትነት ነበር። ከመግባቱ በፊት እርጥብ ጨርቅ ሰቅዬ በአማርኛ አስረድቻለሁ፣ ጥቁር ሰሌዳው ላይ ጽፌያለሁ፣ ጠይቄያለሁ። ልጆቹ «ትነት፣ ትነት» ይላሉ እንጂ አልገባቸውም። እሱ ሲቀመጥ እኔ በአውኚ፣ እናቶቻቸው የታጠበ ገብስ ሲያሰጡ ውሃው የት እንደሚሄድ እየጠየቅኳቸው ነበር። ከፊት የምትቀመጥ አንዲት ልጅ ሳይፈቀድላት ብድግ ብላ «ወደ ሰማይ!» አለች፤ በአውኚ። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ፤ የገባቸው ሰዎች ሳቅ። ወደ አማርኛው ልመልሳቸው ስል ዶክተሩ ተነስቶ ወጣ።

እንግዲህ በዚያች ቆይታ ነው ኤፍ የሰጠኝ።

«ዶክተር፣ ምን እንዳጠፋሁ ቢነግሩኝ?» አልኩት።

«በምን ቋንቋ ነበር የምታስተምረው?»

«በአማርኛ ነው። አንድ ነገር አልገባ ቢላቸው በአፋቸው አስረዳኋቸው።»

«እኔ አማርኛ አልሰማሁም።»

«ዘግይተው ስለገቡ ነው» አልኩት። ዲሬክተሩ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። እኔ ግን ጀምሬዋለሁ። «ቶሎም ወጡ። ትንሽ ቢቆዩ ኖሮ ያንኑ ነገር በአማርኛ ሲመልሱልኝ ይሰሙ ነበር።»

ፊቱ ተለወጠ። «ወደዚያ የሸሸኸው አማርኛህ ስላልበቃህ ነው። መምህር የሚላከው ልጆቹን ወደፊት ሊያመጣ ነው፤ አንተ አብረሃቸው ወደ ኋላ ሄድክ።»

ወደ ዲሬክተሩ ዞርኩ። «እርስዎ ያውቃሉ፤ ይንገሩልኝ እንጂ።»

ዲሬክተሩ መስኮቱን አዩ። «እንግዲህ ዶክተሩ ካሉ...» ብለው እዚያው ተዉት።

ዶክተሩ ወደ እንጅባራ ሊሄድ ተነሳ፤ እዚያ የሚገመግመው ሌላ ተማሪ ነበረው። መኪናው ሲርቅ ዲሬክተሩ በረንዳው ላይ ክንዴን ያዙኝ። «ሰው ፊት ስለተናገርከው ነው የጠነከረብህ። እዚያው ሆቴል ያድራል፤ ሂድና ለብቻው አነጋግረው» አሉኝ። እንዲህ ብለው ሊረዱኝ ያሰቡ ይመስለኛል። ያኔ ግን ፊታቸውን ማየት ጠላሁ።

በትሬንታ ኳትሮ የጭነት መኪና ላይ ተጭኜ፣ ዝናብ እየወረደብኝ፣ አመሻሹ ላይ ኮሶበር ደረስኩ። እንጅባራ ከተማን ያኔ ኮሶበር ነበር የምንላት። መንገድ ላይ የምናገረውን ሁሉ አሰናዳሁ፤ መቼ እንደገባ፣ መቼ እንደወጣ፣ ልጆቹን ጠርቶ ራሱ ትነት ምን እንደሆነ እንዲጠይቃቸው። በጣም ግልጽ ነገር ስለነበር ማንም ሰው ሰምቶ እንቢ ይለኛል ብዬ አላሰብኩም። ለማደር ብቻ ወደ ቤታችን ወጣሁ።

አባቴ ድንችና ገብስ የሚያበቅል፣ ቀርከሃ ቆርጦ ገበያ የሚያወርድ ሰው ነበር። የገበያ አማርኛ ያውቃል፤ አይናገረውም እንጂ ሲነገር ይሰማል። ከእኔ በታች አራተኛ ክፍል የደረሰች እህት አለችኝ፤ እናታችን ካረፈች ወዲህ ቤቱን የያዘችው እሷ ናት። ሁለቱም እሳት ዳር ተቀምጠው ሳሉ የሆነውን ነገርኳቸው።

«ከሰውየው ጋር ተጣልታችኋል?» አለኝ አባቴ።

«አልተጣላንም።»

«ታዲያ ያለ ጠብ ሰው ሰውን ይጥላል?»

ይህን ማስረዳት አልቻልኩም። ኤፍ ምን እንደሆነ ነገርኩት፤ እሱ ግን ነገሩን በሚያውቀው መንገድ ያዘው። በእሱ ዕድሜ ሰው ከሰው ሲቀያየም የሚኬድበት መንገድ አንድ ነው፤ ሽማግሌ ይላካል።

«ሽማግሌ አያስፈልግም፤ እኔ ልሟገት ነው የምሄደው» አልኩት።

«ሙግትህን እነሱ ይናገሩልሃል። አንተ ልጅ ነህ።»

እህቴ «አባየ፣ ለብቻው ይሂድ» አለች። አልሰማትም፤ ጋቢውን ደርቦ ወጣ። ሲመለስ ሁለት ሰው ለምኖ ነበር። አንደኛው የክርስትና አባቴ ናቸው። ሁለተኛው በአካባቢው ደም የሚያስታርቁ፣ በሽምግልና የተከበሩ ሰው ነበሩ። ሰው የገደለና የሟች ወንድም ፊት ለፊት አስቀምጠው ያስማሙ ሰው ለእኔ ኤፍ ሊመጡ ነው።

ጠዋት በጉም ውስጥ፣ እነሱ በፈረስ እኔ በእግሬ፣ ወረድን። ዶክተሩ ሆቴሉ ውስጥ ቁርስ ላይ ነበር። ሲያየን አፉን እየጠረገ በረንዳው ላይ ወጣ። ሽማግሌዎቹ ባርኔጣቸውን አውልቀው ቆሙ። በእኛ ወግ ሽማግሌ ሲመጣ ባለቤቱ ተቀመጡ ይላል፤ እስኪባሉ ይቆማሉ። እሱ አዲስ አበባ ያደገ፣ ከዚያም ውጭ አገር የከረመ ሰው ነው፤ ምን ሊሉ እንደመጡ ቶሎ እንዲነግሩት ብቻ ነበር የሚጠብቀው። ስለዚህ እስከመጨረሻው እንደቆሙ ቀሩ።

አስታራቂው በአውኚ ጀመሩ። ቀስ ብለው፣ በትሩን መሬት ላይ እየተከሉ፦ «ልጃችን ልጅዎ ነው። እኛ የትምህርቱን ነገር አናውቅም። አጥፍቶም እንደሆነ ስለ እግዚአብሔር ብለው ይማሩት» አሉ።

ማስተርጎም የነበረብኝ እኔ ነኝ። አጠገቤ አባቴ ቆሟል። «ነገሩን እንደገና ይዩልኝ ነው የሚሉት» አልኩ። አባቴ ዞር ብሎ አየኝ።

ዶክተሩ በትዕግሥት መለሰ፤ ክፉ ሰው መስሎ አልታየኝም። «እንዲህ ብለህ ንገራቸው። ጠብ የለንም። ልጃችሁ ለዚህ ሥራ አልበቃም። እሱን አሳልፌ ብልክ በሕፃናት ላይ መፍረድ ነው። ውጤቱ አይለወጥም።»

የክርስትና አባቴ ፊቴን እያዩ ይጠብቃሉ። በትንሽነቴ «መምህር ትሆናለህ» ብለው የመረቁኝ እሳቸው ናቸው። የዶክተሩን ቃል በገዛ አፌ ወደ አውኚ መመለስ አቃተኝ።

«አስብበታለሁ ይላል» አልኳቸው።

ሁለቱም እጃቸውን ዘርግተው መረቁት። ዕድሜ፣ ጤና፣ ልጅ ተመኙለት።

«ምን እያሉ ነው?» አለ ዶክተሩ።

«እየመረቁዎት ነው።»

«ለምን?»

አባቴ ግን ሁለቱንም ሰምቷል፤ የተባለውንም፣ እኔ ያልኩትንም። ከበረንዳው ወረደና ጓሮው ውስጥ ከተቆለለው የግንብ ድንጋይ አንዱን አነሳ። ማጅራቱ ላይ አድርጎ ጭቃው ላይ ተንበረከከ።

እንዲህ የሚያደርግ ሰው የበደለ ሰው ነው። በዳይ ድንጋይ ተሸክሞ ይወድቃል፤ ተበዳዩ «ይቅር ብያለሁ» ብሎ ድንጋዩን ያወርድለታል። መንገድ ላይ ያሰናዳሁት ሁሉ፣ ዘግይተው ገቡ ቶሎ ወጡ ያልኩት፣ ልጆቹን ይጠይቁ ያልኩት፣ ያን ጊዜ አለቀለት። የምሟገት ሰው ነኝ ብዬ መጣሁ፤ አባቴ በደለኛ አደረገኝ። አዘንኩለት፣ ተናደድኩበትም። «አባየ፣ ተነስ» አልኩት። አልተነሳም።

ዶክተሩ ቀላ። የሆቴሉ ሰው ሁሉ በር ላይ ወጥቷል። «ምንድነው ይሄ? አስነሳቸው!» አለኝ።

«እርስዎ ካላነሱት አይነሳም።»

«እኔ ምን አድርጌ ነው የማነሳው?» አለና ዝቅ ባለ ድምፅ ጨመረ፦ «ደግሞስ ጥፋት ባይኖርብህ አባትህ እንዲህ ይሆኑ ነበር?»

ገብቶ በሩን ዘጋ።

ብዙ ጠበቅን። ጉሙ ወደ ካፊያ ተለወጠ። አስታራቂው ወደ እኔ ጠጋ ብለው «ስንት ደም አስታርቄያለሁ፤ ድንጋይ ሰው ላይ ሲቀር አይቼ አላውቅም» አሉ። ቁጣ አልነበረባቸውም፤ የሚያዩት ነገር አልገባቸውም ነበር። በመጨረሻ ድንጋዩን ከአባቴ ማጅራት ያነሳሁት እኔ ነኝ። ለማንሳት መብት የሌለው ሰው ቢኖር እኔ ነበርኩ።

ወደ ቤት ስንመለስ አባቴ ፈረሱን እየሳበ አጠገቤ ተራመደ።

«በድዬው አልነበረም» አልኩት።

«አውቃለሁ። በድለሃል ብዬ አይደለም። ሌላ የማውቀው መንገድ የለኝም።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ እስከ መስከረም ነገሩን በአፉ አላነሳውም።

አዲስ አበባ ሄጄ ለዲኑ አመለከትኩ። ዲኑ ሰላማዊ ሰው ነበር፤ አስቀመጠኝ፣ እስከመጨረሻው ሰማኝ። «የመምህሩ ውሳኔ ነው፤ እኛ አንገባበትም» አለኝ። ልምምዱን በሚቀጥለው ዓመት እንድደግም ተፈቀደልኝ። እስከዚያ ቤቴ ተመልሼ ድንች ስቆፍር ከረምኩ። ገበያ ስወርድ የሚያውቁኝ ሰዎች «ጨረስክ?» ይሉኛል። አልጨረስኩም እላለሁ። ከጥሊሊ የመጡ አንድ ሰው «ምነው፣ ታመሃል እንዴ?» ብለው ጠየቁኝ፤ አዎ አልኳቸው፤ እሱ ይቀል ነበር።

መስከረም ጠባ። ትምህርት ቤት ሲከፈት እህቴ ቀሚሷን አጥባ ተዘጋጅታ ነበር። አባቴ ጠዋት ተነስቶ ማረሻውን እያየ «አንቺ ትቀሪያለሽ» አላት። ቀልድ መሰላት። ደብተሯን ይዛ በር ላይ ቆመች። ሲደግምላት ገብታ ደብተሯን አልጋው ሥር ከተተችው።

ተከትዬው ወጣሁ። «እኔ ስለወደቅኩ እሷ ምን አደረገች? ከእኔ የተሻለ ጭንቅላት ነው ያላት» አልኩት።

«ስለዚህ ነው» አለኝ። «አንተ ወንድ ሆነህ፣ ይህን ያህል ዓመት ተምረህ እዚህ ደረስክ። እሷን ሲጥሏት ደግሞ ማን ፊት ልንበርከክላት?»

ዓመቱን ሙሉ ለመንኩት። የክርስትና አባቴን ላኩበት። እንቢ አለ። በበጋው ለአዘና ሰው ተዳረች።

እኔ ልምምዴን የደገምኩት ወደ ደብረ ማርቆስ በኩል ባለች ትንሽ ከተማ ነው። ልጆቹ በሙሉ አማርኛ ተናጋሪ ነበሩ። የመጣው ያው ዶክተር ነው፤ በሰዓቱ ገባ፣ እስከመጨረሻው ተቀመጠ። ያስተማርኩት እንደ ዳንግላው ነው፣ በዚያው ሥርዓት፣ ያንኑ ያህል ተዘጋጅቼ። ሲወጣ እጄን ጨበጠና «በጣም ተሻሽለሃል» አለኝ። ቢ ሰጠኝ። ልነግረው የምፈልገው ብዙ ነበር። «አመሰግናለሁ» ብቻ አልኩት። ዲፕሎማውን ይዤ ቤት ስገባ አባቴ በሁለት እጁ ተቀበለኝ፣ ግንባሩን አስነካው፣ መልሶ ሰጠኝ። ሳቅ አልነበረበትም።

ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት አስተማርኩ። አባቴ አርፏል። እህቴ እዚያው አዘና ውስጥ ልጆች ወልዳ፣ የልጅ ልጅ አይታ ትኖራለች። አንድ ጊዜ ልጠይቃት ሄጄ፣ ሰው ሁሉ ወጥቶ ሁለታችን ስንቀር፣ ስለዚያ መስከረም አነሳሁባት። አባቴን ይቅር ብላው እንደሆነ፣ እኔንም ትወቅሰኝ እንደሆነ ማወቅ ፈልጌ ነበር። ባቄላ እየፈለፈለች ነበር። ቀና አላለችም።

«አራተኛ ክፍልን ወድጄው ነበር» አለችኝ።

ባቄላውን አብሬያት እየፈለፈልኩ ቆየሁ።