እሜቴን ያቋረጥንበት ክረምት

ሰው ሲናገር ንግግሩን ለማቋረጥ ብሎ በውሸት የሚስል ሰው ስሰማ እስከ ዛሬ ደሜ ይፈላል። በጃንሆይ ዘመን፣ ስማዳ ውስጥ፣ እንዲህ ያለ አንድ ሳል ነው አያቴን ከነሙሉ አእምሮዋ የጃጀች ያስባላት።

እሜቴ የምንላት የአባቴ እናት የቤታችን ትውልድ ቆጣሪ ነበረች። ያኔ በእኛ አገር የመሬት ድርሻ የሚገኘው ትውልድ ተቆጥሮ ስለነበር፣ መሬቱን መጀመሪያ ከያዘው ከአቅኚው አባት ተነስቶ፣ እገሌ እገሌን ወለደ እያለ እስከ ራሱ የሚያወርድ ሰው ያስፈልግ ነበር። ክረምት ገብቶ ዝናቡ ከቤት ሲያውለን፣ እሜቴ ጥጧን እየፈተለች፣ የሴቱንም የወንዱንም መስመር ሳትዘልል ትቆጥር ነበር። አባቴ እንደሚለው በደህናው ጊዜዋ ከመሃል ተነስታ፣ እንግዳ ተቀብላ፣ ጥጃ አስራ ስትመለስ፣ ካቆመችበት ስም ላይ ትቀጥል ነበር። እኔ የደረስኩባት እሜቴ ግን ካልነኳት እንደ ውሃ ታወርደዋለች፤ መሃል ላይ ከጠሯት ተመልሳ ከአቅኚው አባት መጀመር ነበረባት።

እኛ ይህን ጨዋታ አደረግነው። እኔና የጎረቤታችን ልጅ የሻረግ፣ ስድስተኛው አባት ላይ እስክትደርስ ጠብቀን «እሜቴ፣ ዶሮዋ እህሉን እየጫረችው ነው» እንላት ነበር። ቀና ብላ ታይና «የት ደርሼ ነበር?» ስትል፣ በሳቅ እንፈርሳለን። አንድ ቀን እንዝርቷን አስቀምጣ፣ «ልጆቼ፣ ስቆጥር አትጥሩኝ። ስሞቹ አልጠፉኝም፤ መንገዱን ነው የምታጠፉብኝ» አለችን። በማግስቱም ጠራናት።

መስከረም ላይ የየሻረግ አባት፣ ወንዝ ዳር ያለችውን የገብስ ማሳችንን የእኔ ድርሻ ናት ብሎ ከሰሰን። ካለን መሬት ሁሉ የምታበላን እሷ ነበረች። አዝመራው ተሰብስቦ ካለቀ በኋላ፣ በጥር፣ አጥቢያ ዳኛው ፊት ቀረብን። እሜቴ አደግድጋ መቁጠር ጀመረች፣ ሰውም ጸጥ ብሎ ይሰማ ነበር። ስድስተኛው አባት ላይ ስትደርስ የከሳሻችን ነገረ ፈጅ ሳለ።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ እመቤቴ፣ አሁን የጠሯቸው ሰው የተቀበሩት የት ደብር ነው?»

ደብሩን በትክክል ነገረችው።

«ከመጀመሪያው ልጀምርላችሁ» አለች።

«የሚያውቁት ከሆነማ ካቆሙበት ይቀጥሉ እንጂ» አለ ነገረ ፈጁ፣ ወደ ዳኛው እየዞረ። ዳኛውም ይቀጥሉ አለ። እሜቴ መቀጠል አቃታት፣ ከኋላ የሳቀም ነበር። የሻረግ ከአባቷ ጎን ሆና መሬት መሬት ታይ ነበር፤ ነገረ ፈጁ የት ላይ እንደሚስል ማን እንደነገረው ያኔ ገባኝ።

ማሳዋ ለየሻረግ አባት ተፈረደች። ወደ ቤት ስንመለስ እሜቴ ከፊት ከፊት እየሄደች፣ ድምጿን ከፍ አድርጋ፣ ከአቅኚው አባት እስከ እኔ ድረስ አንድም ስም ሳትስት ቆጠረችው። አባቴ ከኋላዋ እያለቀሰ ይሄድ ነበር። እኔ በነገረ ፈጁም፣ በዳኛውም፣ በየሻረግም ቂም ያዝኩ፣ አሁንም አለቀቀኝም። ጨዋታውን የጀመርኩት እኔ መሆኔን ግን ለአባቴ ሳልነግረው ሞተ።

ዛሬ እኔም የእሜቴን ዕድሜ ደርሻለሁ። መሬት በትውልድ መከፈሉ ከቀረ ቆየ፤ ስሞቹን ግን ብቻዬን ስሆን እስከ መጨረሻው እቆጥራቸዋለሁ። ባለፈው እሁድ የልጅ ልጄ ደብተር ይዛ አጠገቤ ተቀመጠችና ንገሪኝ፣ ልጻፋቸው አለችኝ። ደስ ብሎኝ ጀመርኩ። መሃል ላይ ስልኳ ጮኸ፤ አንስታ እየሳቀች ተነጋገረች፣ ዘጋችውና እርሳሷን አነሳች።

«እሺ እማማ፣ ማን ላይ ደርሰን ነበር?»

ደክሞኛል፣ ይቅርብኝ አልኳት። ምንም አልደከመኝም ነበር።