የተሰፋው ኪስ

ልብስ አጣቢዋን ሰፈሩ በሙሉ «እትዬ ኪሴ» ይላታል። ስሙን ያወጣላት ሟቹ ባሏ ነው። ልብስ ስትረከብ ከሰላምታ በፊት እጇ ኪስ ውስጥ ይገባል። እሱም «ስታገቢኝም መጀመሪያ ኪሴን ፈትሸሻል፤ ባዶ መሆኑን አይተሽ አለመሄድሽ ነው የሚገርመኝ» እያለ ይቀልድባት ነበር። ከሰው ኪስ የማይወጣ ነገር የለም፦ ቁልፍ፣ ግማሽ ከረሜላ፣ የራስ ምታት ክኒን፣ አንዳንዴም ሚስት ባታየው የሚሻል ነገር። ያገኘችውን ሁሉ በጨርቅ ቋጥራ፣ ከታጠበው ልብስ ጋር በመርፌ ቁልፍ አያይዛ ትመልሳለች። ስለ ማንም ኪስ ለማንም ትንፍሽ ብላ አታውቅም።

ሌላም አመል አላት። የተቀደደ ኪስ ካየች ሳይነግሯት ትሰፋዋለች። ከመስፋቷ በፊት ግን የልብሱን ቅምቅማት፣ የታችኛውን እጥፋት፣ ዙሪያውን በጣቷ ትዳብሳለች። በቀዳዳ ኪስ የገባ ነገር በገበሩ ሾልኮ ታች ይቀመጣልና።

ከመንገዱ ማዶ ዳቦ ጋጋሪዋ አለች። ዳቦ ጋጋሪዋ ሊጥ ስታቦካ የእናቷን ቀለበት አውልቃ ካፖርቷ ኪስ ውስጥ መክተት ልማዷ ነው። አንድ ጊዜ ካፖርቱ ታጥቦ ተመለሰ፣ ቀለበቱ ግን የለም። ይህን ጊዜ መንገዱን ተሻግራ «ቀለበቴን አይተሻል ወይ?» ብትል ምን ነበረበት? አላለችም። ጠዋት ሰው ለዳቦ ተሰልፎ ሳለ፣ «ካፖርቴን ለእትዬ ኪሴ ሰጠሁ፤ ካፖርቴ መጣ፣ ቀለበቴ እዚያው ቀረ» አለች። ይኸው ነው። ሌላውን ሰልፉ ጨረሰው። ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ከሰዓት በኋላ ቀለበቱ ሁለት ሆነ፣ በማግስቱ የአንገት ሐብል ተጨመረበት።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነውና ልብስ አጣቢዋ የሰማችው ከሁሉ መጨረሻ ነው። አንዱ ሸሚዙን ሳይታጠብ መልሶ ወሰደ። ሌላዋ ማጠቢያ ማሽን ገዛሁ አለች። አንሶላውን ለዓመታት ያሳጥባት የነበረው የእንግዳ ማረፊያ ያለ ምክንያት ቀረ። «እትዬ ኪሴ» የሚለው ስም ድሮ ምስጋና ነበር፤ አሁን ሰዎች ሲጠሩት ከንፈራቸው ጥግ ላይ ፈገግታ ተለጠፈ። በሱቋና በስሟ ነበር የምትኖረው፤ ሁለቱም ከእጇ እየወጡ ነው።

መንገዱን ተሻግራ ሄደች።

«እኔን ሌባ ነች ብለሻል?»

«እኔ ይወጣኛል? ቀለበቴ ጠፋ ነው ያልኩት። የገዛ ቀለበቴ ጠፋ ማለትም አልችልም? አፌ የራሴ ነው!»

ልብስ አጣቢዋ መንገዱን ተሻግራ ተመለሰች። የተባለው ሁሉ ልክ ነው፤ እሷን የሚገድላት ደግሞ እሱ ነው።

የእህቷ ልጅ ጠበቃ ነው። ነገሩን ሲሰማ ከመቀመጫው ተነሣ። «አክስቴ፣ ይሄ እኮ ስም ማጥፋት ነው። ያሳስራል።»

ልብስ አጣቢዋ ይህን ሕግ ታውቀዋለች። ባሏን ያሳሰረው ይኸው ሕግ ነው። ባሏ ገበያ ውስጥ መዛኝ ነበር። «የገበያው ኃላፊ ሚዛን ያጭበረብራል» ብሎ በአደባባይ ተናገረ። እውነት ነበር፤ ሁሉም ያውቃል፣ ለምስክርነት ግን አንድ ሰው ብቅ አላለም። «የኃላፊውን ስም አጥፍተሃል» ተብሎ እስር ቤት ገባ፤ እያሳለ ወጣ፤ ሳይቆይም ሞተ። በቀብሩ ላይ «ሰው በአፉ የሚታሰርበት ሕግ ከሥሩ ይነቀል!» ብላ ስትጮህ ይህ ጠበቃ ክንዷን ይዞ ነበር። አሁን እሱም አስታወሰ፣ እሷም አስታወሰች። ግን የክሱን ወረቀት ፈረመች። ቃል ሰውን እንዴት እንደሚበላ በገዛ ሥጋዋ አይታዋለችና ምን ታድርግ?

የችሎቱ ቀን ብርድ ነበር። ዳቦ ጋጋሪዋ ያንኑ ካፖርት ለብሳ መጣች። ጠበቃው እየተናገረ ሳለ የልብስ አጣቢዋ ዓይን የካፖርቱ ኪስ ላይ አረፈ። ጥግ ላይ በድርብ ክር የተሰፋ ስፌት አለ። የራሷ ስፌት ነው። ያን ጊዜ ሁሉም ነገር መጣላት፤ ውሃ ሰንብቶ የመጣ ቀን ነበር፣ ሳይሄድባት ለማጠብ ስትጣደፍ ኪሱን ሰፋች እንጂ ቅምቅማቱን አልዳበሰችም። እጇን አነሣች።

«ክቡር ዳኛ፣ ያን ካፖርት ልንካው?»

ዳኛው ግራ ገብቷቸው ፈቀዱ። ተንበርክካ ቅምቅማቱን በጣቶቿ ተከተለች። ከኋላ በኩል ስትደርስ ቆመች። መቀስ ተሰጣት፣ ገበሩን ፈታች፣ ቀለበቱ መዳፏ ላይ ወደቀ። ዳቦ ጋጋሪዋ አፏን በሁለት እጇ ያዘች።

ጠበቃው ድምፁ ከፍ አለ። ንጽሕናዋ ተረጋግጧልና ቅጣት ይወሰን አለ። ዳኛው ወደ ልብስ አጣቢዋ ዞሩ።

«ክሱን አንስቻለሁ» አለች። «ኪሱን የሰፋሁት እኔ ነኝ። ቀለበቷም እውነት ጠፍቷት ነበር። ጥፋቷ እኔን መጠየቅ ሲገባት ለሰልፉ መንገሯ ነው። ለዚህ ግን እስር ቤት አትግባ፤ ባሌ ገብቶ አይቼዋለሁ። አፍ ሲቆለፍ ውሸቱ ብቻ አይደለም ውስጥ የሚቀረው። እዚያው የተናገረችበት ቦታ ቆማ፣ በዚያው ድምፅ፣ እዚያው ሰልፍ ፊት ስሜን ትመልስልኝ።»

«ይበቃሻል አክስቴ?» አላት ጠበቃው ቀስ ብሎ።

«አይበቃኝም፣ ልጄ። ሌላው ግን ይብሳል።»

ዳቦ ጋጋሪዋ ቃሏን ጠበቀች፤ ይህን አልነፍጋትም። በማግስቱ ቀለበቷን አጥልቃ፣ እያለቀሰች፣ ጥፋቱ የእኔ ነው ብላ ለሰልፉ ተናገረች። አንዳንዱ «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» አለ። አንዳንዱ ዳቦውን ተቀብሎ ሄደ። ከኋላ አንዱ «አስፈራርተዋት ይሆናል» ሲል ተሰማ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል፤ በእንባም ያው ነው።

ደንበኞች ተመለሱ። የእንግዳ ማረፊያውም አንሶላውን ላከ። ነገር ግን ልብስ የሚያመጣ ሰው ሁሉ፣ ከመስጠቱ በፊት ባንኮኒው ላይ ኪሱን መገልበጥ ጀመረ። ክፉ ልብ ኖሯቸው አልነበረም፤ እጃቸው ራሱ ለምዶት ነው። እሷም አይታ እንዳላየች ትረከባለች።

አንድ ጠዋት እህቷ መጣች፤ ከአንድ ማኅፀን የወጣች፣ የጠበቃው እናት። ጃኬቷን ባንኮኒው ላይ አስቀመጠች። ሁለቱም ኪሶች ወደ ውጭ ተገልብጠው ተንጠልጥለዋል።

«እንዳትደክሚ ብዬ ራሴ አራገፍኩት» አለች። አለችና ያለችውን ሰማች፤ ፊቷ ተለዋወጠ።

ልብስ አጣቢዋ ጃኬቱን ወደ ራሷ ሳበች። ኪሶቹን አንድ በአንድ ወደ ውስጥ መለሰቻቸው። ከዚያ እንደ ድሮው እጇን ከታ ፈተሸች፤ ቅምቅማቱንም ዙሪያውን ዳበሰች።

«ባዶ ነው፣ እህቴ» አለቻት፤ ጃኬቱን ይዛ ወደ ጓዳ ገብታ አለቀሰች።