ወተት የሚጸየፍ አላቢ

ወንዳፍራሽ ወተት ይጸየፋል። ሽታው ገና ከሩቅ ሲመጣ አፍንጫው ይሸበሸባል፣ ጉሮሮው ይዘጋል። እንጀራው ደግሞ ከወተት ሌላ ምንም አልነበረም። ናይሮቢ ዳር፣ ከሩንዳ ባሻገር ሩዋካ በሚባለው ሰፈር የእትዬ ጥሩወርቅን ላሞች ጠዋትና ማታ በማሽን የሚያልባቸው እሱ ነው። እግዜር ሰው ላይ መቀለድ ሲያምረው እንዲህ ያደርጋል።

እሱ እንደሚለው ነገሩ የጀመረው ወደ ኬንያ በመጣበት መንገድ ላይ ነው። ድሬዳዋ ጋራዥ ውስጥ ጎሚኒ ሲቀይር ያደገ ሰው ነው፤ በብረትና በብረት መካከል ገብቶ አየርና ዘይት እንዳይሾልክ የሚያደርገውን ጎማ። ኑሮ አልሆን ሲለው ከሞያሌ ናይሮቢ በሚወርድ የጭነት መኪና ላይ ተሳፈረ። መኪናው የጫነው ቅቤ ነበር። የማርሳቢት ፀሐይ ቅቤውን አቀለጠችው፤ ክዳናቸው ከማይገጥም ቆርቆሮዎች እየተንጠባጠበ አናቱ ላይ፣ አንገቱ ውስጥ፣ ጫማው ውስጥ ሳይቀር ወረደበት። ናይሮቢ ሲገባ ዝንብ አጅቦት ነበር። ከዚያ ወዲህ ቅቤ የነካው ወጥ አይቀምስም፤ የሱ ድርሻ ለብቻው በዘይት ይሠራለታል። «ክዳኑን አንድ ጎሚኒ ቢያደርጉለት ምን ነበረበት» እያለ ያን የቅቤ ነጋዴ እስከ ዛሬ ይረግመዋል።

እትዬ ጥሩወርቅ ኪሌሌሽዋ ውስጥ ምግብ ቤት አላቸው። በሞያሌ በኩል የሚመጣው ቅቤ እሳቸውንም አንገሽግሿቸው ስለነበር ላሞች ገዙ፤ ወደ አገሩ ከሚመለስ ፈረንጅ ላይ አሮጌ የማለቢያ ማሽን ገዙ፤ ወንዳፍራሽንም ቀጠሩ። ማታቱ የሚባሉት የናይሮቢ ሚኒባሶች ቢጫ መስመር ተቀብተው ተሳፋሪ ሁሉ ቀበቶ እንዲያስር በተገደደበት ዓመት ነው። ሁዳዴ ሊገባ ሲል ጠሩትና ነገሩን በግልጽ ነገሩት።

«ወንዴ፣ የጾሙን ወተት በሙሉ ቅቤ አደርገዋለሁ። ለፋሲካ ኦርደር ይዣለሁ፤ ከዌስትላንድስ ጀምሮ የማውቀው ሰው ሁሉ የኔን ቅቤ ነው የሚጠብቀው። ከተሳካ ላሞቹ ይቆያሉ። ካልተሳካ ግን እሸጣቸዋለሁ፤ እኔም ደክሞኛል።»

ላሞቹ ተሸጡ ማለት ወንዳፍራሽ ሜዳ ላይ ወደቀ ማለት ነው። የሚያድረው ከበረቱ አጠገብ ባለችው ክፍል ነው፤ የመኖሪያ ወረቀት የለውም፤ ወረቀት የሌለውን ሰው የሚቀጥር ጋራዥ ደግሞ ሞክሮ አጥቷል።

ማሽኑ መጀመሪያ የመጣበትን ሁኔታ ሲያስታውስ ዛሬም ምራቁን ይተፋል። የሚሠራው አየር እየመጠጠ ነው፣ ልክ ጥጃ እንደሚጠባው። አራት ኩባያዎች ጡቶቹ ላይ ይጣበቃሉ፤ ወተቱ በቱቦዎቹ ወርዶ አንድ መጋጠሚያ ላይ ይገናኝና ወደ ባልዲው ይፈስሳል። አየር በጎን ከገባበት ኩባያዎቹ ይለቃሉ። ይለቁም ነበር። ዱብ ብለው እበት ላይ ይወድቁና እበቱን ሳብ አድርገው መጥጠው ከወተቱ ይቀላቅሉታል። ጎሚኒዎቹማ አይነሱ፤ በከረመ ስብ ተለውሰው፣ ቢጫ ንፍጥ የመሰለ ነገር ይዘው፣ ሲነኳቸው ከጣት ጋር አብረው ይሳባሉ። ወንዳፍራሽ በመጀመሪያው ቀን ሲፈታቸው እየወጣ አስታውኮ እየተመለሰ ነው የጨረሰው።

ኢስሊ ሰፈር ውስጥ ኩለሱም የምትባል የቱቦና የጎማ ነጋዴ አለች። የሐረር ልጅ ናት፤ የድሬዳዋ ወሬ ተነሳና ወዲያው ተግባቡ። ልስልስ ያለ ነጭ ጎማ ሰጠችው። እሱም ለባልዲው ክዳን፣ ለኩባያዎቹ፣ ለመጋጠሚያው እየለካ ቆረጠ፤ ያልገጠመውን እየጣለ እንደገና ቆረጠ። በመጨረሻ የማሽኑ ፉጨት ጠፋ፤ ኩባያ መውደቅ ቀረ። እትዬ ጥሩወርቅ መረቁት። ኩለሱም ጾሙ የሷ አይደለምና፣ ኢስሊ በወረደ ቁጥር ወተት እንዲያደርስላት አዘዙት።

እዚህ ላይ ቢያቆም ጥሩ ነበር። ተጸያፊ ሰው ግን መቼ ማቆም ይችላል? አዲሶቹም ጎሚኒዎች ታልቦባቸው ሲያድሩ ስሱ ስብ ይይዛሉ፤ ይቺ ስብ እንቅልፍ ነሳችው። ማታ ማታ ፈትቶ የፈላ ውሃና በረኪና ውስጥ እየዘፈዘፈ ያሳድራቸው ጀመር። ጠዋት ሲያወጣቸው ደርቀው፣ ነጥተው፣ በጣት ሲታሹ ሲጥ ሲጥ ይላሉ። ያ ድምፅ ለሱ ዜማ ነበር። በሕይወቱ እንደዚያ የወደደው ነገር አልነበረም።

ጾሙ ሲጋመስ ወተቱ አረፋ እየደፈቀ መውረድ ጀመረ። ባልዲው ገና ሳይሞላ አረፋው አፉ ድረስ ይደርሳል። እትዬ ጥሩወርቅ አይተው ደስ አላቸው፤ «በረከት ገባው» አሉ። ጾም ነውና ማንም ጣቱን አልነከረበትም። ወተቱ ይረጋል፣ ይናጣል፣ ቅቤው ቆርቆሮ ውስጥ ይገባል። አሬራውን የሚጠጡት ጥጆቹ ናቸው፤ ጥጆች ደግሞ ቅሬታ አያቀርቡም።

አንድ ቀን ወተት ይዞ ኢስሊ ወረደ። የማታቱ ቀበቶ ሌላው ቁስሉ ነው። የስንቱ ሰው ላብ፣ የስንቱ ልጅ ብስኩት የተላከከበትን ጥቁር ጨርቅ ደረቱ ላይ ማሰር ሞት ነው የሚሆንበት፤ ስለዚህ ንጹሕ መሐረብ ይዞ ይዞራል፣ ቀበቶውን በመሐረብ ይዞ ነው የሚያስረው። ኮንዳክተሮቹ ያውቁታል፤ «ዳክታሪ»፣ ሐኪሙ፣ እያሉ ይስቁበታል። የዚያን ቀን ሱቁ ሲደርስ ኩለሱም ወተቱን አልተቀበለችውም።

«ወንዴ፣ ይሄ ማዚዋ ምን ሆኗል? የባለፈውን በማግስቱ ብቀምሰው ሳሙና ሳሙና ይላል። ወላሂ፣ ደፋሁት።»

ወንዳፍራሽ ደሙ ፈላ። ሌላው ቢቀር እሱ በቆሻሻ ይታማ? ዞር ሲል መደርደሪያው ላይ የሻይ ብርጭቆዋን አየ። ከሥሩ ስኳር ዘቅጧል፣ ከአፉ ላይ የከንፈር ምልክት አለ፣ አንዲት ዝንብ ጠርዙን ትዞራለች።

«መጀመሪያ ብርጭቆሽን እጠቢ» አላት።

ኩለሱም ብርጭቆውን አየችው፣ እሱን አየችው። ሱቁ ውስጥ ደንበኞች ነበሩ።

«እሺ» አለች ቀስ ብላ። «ካሁን በኋላ አታምጣልኝ።»

እየተመናጨቀ ወጣ። ማታቱ ውስጥ ግን ነገሩ ይበላው ጀመር። ሳሙና ካለ በደንብ አላለቀለቅኩም ማለት ነው ሲል አሰበ። ማታውኑ በረኪናውን እጥፍ አደረገ፤ ውሃውን እስኪንተከተክ አፈላ፤ በማግስቱ አለቅልቆ አለቅልቆ እጁ ተላጠ። ለእትዬ ጥሩወርቅ ግን አልነገራቸውም። ምን ብሎ ይነግራቸዋል? የኩለሱም ብርጭቆ ቆሻሻ ነው ብሎ?

የስቅለት ማግስት ቅቤው ተነጠረ። እትዬ ጥሩወርቅ ሲያማስሉ ቆም ብለው አሸተቱ፤ አንድ ነገር ቅር አላቸው። መቅመስ አይቻልም፤ ጾም ሳይፈታ ምላሱን ቅቤ የሚያስነካ ክርስቲያን የለም። ይህን ያህል የጾመ አፍንጫ አይታመንም ብለው ኮሰረት ጨመሩበት፣ ኮረሪማም ደገሙለት። ዶሮው በዚያው ቅቤ ተሠራ። የታዘዘው ቅቤም ወደየቤቱ ሄደ።

የፋሲካ ዕለት ማለዳ፣ ከቤተ ክርስቲያን የተመለሰው እንግዳ ምግብ ቤቱን ሞላው። ወንዳፍራሽ ጥግ ላይ በዘይት የተሠራችለትን ወጥ ይዞ ተቀመጠ። «እንኳን አደረሳችሁ» ተባባሉ፤ ሁሉም ጎረሰ።

አቶ ፀጋዬ በምግብ የማይታሙ ሰው ናቸው። ጉርሻውን አንድ ጉንጫቸው ውስጥ አኑረው ዓይናቸውን አፈጠጡ፤ መዋጥም መትፋትም አቃታቸው። ሌላው ሰው ውሃ ላይ ተረባረበ። አንዲት ሴት ሶፍት አፏ ላይ ይዛ ወደ ጓዳ ሮጠች። ዝም ቢሉ ይሻል ነበር፤ ናይሮቢ ያደገችው የአቶ ፀጋዬ ልጅ ሮሃ ግን ዝም ማለትን አልተማረችም።

«ዳዲ፣ ሶፕ ሶፕ ይላል» አለች። «ሲሪየስሊ፣ ሳሙና ነው።»

ወንዳፍራሽ ክው አለ። አፉ ውስጥ ያለው በዘይት የተሠራው እንኳ ድንጋይ ሆነበት።

እትዬ ጥሩወርቅ ከራሳቸው ሳህን ቀመሱ። ተነስተው ጓዳ ገቡና ጠሩት፤ የቅቤውን ቆርቆሮ ከፍተው አቀረቡለት።

«ቅመስ።»

«እትዬ፣ እኔ እኮ...»

«ቅመስ አልኩህ።»

በጣቱ ጫፍ ነክቶ ምላሱ ላይ አደረገ። መጀመሪያ መረረው፤ ቀጥሎ አንድ የሚያንሸራትት፣ የልብስ ሳሙና የመሰለ ነገር አፉን ለበጠው። እንደምንም ዋጠና ከልቡ ጠየቃቸው፤ «ቅቤ እንዲህ አይደለም እንዴ?»

እትዬ ጥሩወርቅ ቆርቆሮውን ከደኑት። ቁጣቸው ጠፍቶ ሐዘን ብቻ ነው ፊታቸው ላይ የቀረው።

«አይደለም ልጄ። ቅቤ እንዲህ አይደለም።» ስልካቸው መጮህ ጀመረ፤ የዌስትላንድስ ደንበኛ ነው። ሳያነሱት «ላሞቹን የሚያይ ገዢ ልጠራ ነው» አሉና ወጡ።

ወንዳፍራሽ ሩዋካ ተመልሶ ማሽኑን ፈታ። የመጋጠሚያውን ጎሚኒ በሁለት ጣቱ አጠፍ አደረገው፤ እንደ ደረቀ ከንፈር ስንጥቅጥቅ ብሎ ተከፈተ። ሌላውንም አጠፈ፤ ያው ነው። ስንጥቆቹ ኩባያ የሚያስጥሉ አልነበሩም፤ ቀጭን አየር ግን ያስገባሉ። ያ አየር ወተቱን ቱቦው ውስጥ ሲደበድበው፣ ሲያስደፍቀው ከርሟል፤ ስቡ ተመቶ ተበላሽቶ ቅቤው መረረ። ያ ሁሉ አረፋ በረከት አልነበረም። ጎማውን የገደለው ደግሞ እበት አይደለም፣ የፈረንጁ አሮጌ ስብም አይደለም፣ የገዛ በረኪናው ነው። ኩለሱም ነግራው ነበር፤ እሱ ብርጭቆዋን በሰው ፊት ሰደበላት። ወንዳፍራሽ በዕድሜው ብዙ ነገር ተጸይፏል፤ ራሱን የተጸየፈው ግን ያን ቀን ነው።

ከኩለሱም ጎማ የተረፈ ቁራጭ ነበረው። ከሱ አዳዲስ ጎሚኒ ቆርጦ ገጠመ። ማታ አልቦ ሲጨርስ በለብታ ውሃና በትንሽ ሳሙና ብቻ አጠባቸው፤ ጣቱ ላይ የምትቀረዋን ስስ ስብ ጥርሱን ነክሶ ቻላት። ባልዲውን ከፍቶ አየ። ወተቱ ጸጥ ብሎ ተኝቷል፣ አረፋ የለውም። ክፉው ጣዕም የሚወጣው ሲያድር ነውና አሳድሮ ኪሌሌሽዋ ይዞት ሄደ፤ የበረኪናውንም የኩለሱምንም ነገር ሳያስቀር ለእትዬ ጥሩወርቅ ተናዘዘ። እሳቸው ወተቱን እጃቸውን እንኳ አላስነኩትም።

«የኔ ምላስ ደንግጧል፤ ውሃውም ሳሙና ሆኖብኛል» አሉት። «እውነቱን ቀድማ የነገረችህ ያቺ ሴትዮ ናት። ወተት ነው ካለች ላሞቹን አልሸጥም። ሂድና አስቀምሳት።»

ማታቱ ውስጥ ጠርሙሱን ጭኑ ላይ አደረገ። ክዳኑ ላላ ብሎ ስለነበር መሐረቡን አውጥቶ አፉን ጠፍንጎ አሰረበት። ኮንዳክተሩ ቀበቶ እያለ ጮኸ። ወንዳፍራሽ ያን ጥቁር ቀበቶ ፊቱን አጨማዶ በባዶ እጁ ጎተተና አሰረ።

ኩለሱም ስታየው ፊቷን አዞረች። ቆሞ ጠበቃት፤ ደንበኛ ሁሉ እስኪሄድ ግን አልጠበቀም፤ የሰደባት በሰው ፊት ነበርና።

«ይቅር በይኝ» አላት። «ብርጭቆሽ ምንም አልነበረበትም። ጎሚኒዎቹን በበረኪና አድርቄ ወተቱን ያበላሸሁት እኔ ነኝ። ይሄ በአዲስ ጎሚኒ የታለበ ነው፣ አድሯል። ሳሙና ካለ ላሞቹ ይሸጣሉ።»

ኩለሱም ያንኑ ብርጭቆ ከመደርደሪያው አወረደች፤ ከሥሩ የሻይ ቅሪት ነበረበት።

«ልጠበው?» አለችው።

«ተይው።»

ቅሪቱን ደፋችና ወተቱን ቀዳችበት። እስከ ግማሽ ጠጣች፤ አፏ ውስጥ አቆየችው፣ ዋጠችው። ፊቷ ላይ ምንም ነገር አልታየም። ብርጭቆውን ገፋ አድርጋ እሱ ፊት አስቀመጠች።

«አንተ ንገረኝ» አለችው።

የከንፈሯ ምልክት ጠርዙ ላይ ነበር። ወንዳፍራሽ ዓይኑን ጨፍኖ ቀሪውን ጨለጠው። ትከሻው ተንዘፈዘፈ፣ ዓይኑ እንባ አቀረረ፣ ጉሮሮው ሊመልሰው ታገለ፤ ታግሎ አወረደው።

«እሺ?» አለች።

«ያስጠላል።»

«ሳሙና ይላል?»

ምላሱን አፉ ውስጥ አዟዟረ። የፋሲካውን ቅቤ ፈለገው፣ አጣው።

«አይልም» አለ። «ዝም ብሎ ያስጠላል።»

ኩለሱም ከዚያ ጠብ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀችለት።

«እንግዲያው ወተት ነው» አለችው። «ላሞቹን እንዳትሸጥ ንገራት።»