የወንዝና የባሕር ሽማግሌ

ልጅ ሳለሁ ቅዳሜ ማታ ማለት ለእኔ ጭቃ ማለት ነበር። በስደት በምንኖርበት በስካይዌይ ሰፈር ጎረቤታችን የነበሩት አባባ ሃብቶም፣ ዱዋሚሽ ወንዝ ከባሕሩ ጋር በሚገናኝበት ዳርቻ ከበጎ ፈቃደኞች ጋር ቄጠማ ሲተክሉ ውለው ሲመለሱ፣ ጋራዣቸው ውስጥ በቢጫ አምፖል ሥር ተቀምጬ ቦት ጫማቸውን አጥባለሁ፤ እሳቸው ደግሞ የሂተሩን ቀይ ፍም እየሞቁ ያወራሉ። አሰብ ያደጉ ሰው ነበሩና ያኔ ባሕር ሲሉ አፋቸው ላይ ጨው ያለ ይመስለኝ ነበር።

«ወንዝና ባሕር ተጣሉ» ይሉኛል። «ወንዝ ‹ጨውሽን ወደ እኔ አታምጪ› ይላል፤ ባሕር ‹ጭቃህን እኔ ላይ አትድፋ› ትላለች። ማን ያስታርቅ? ዛፉ ፈራ፣ ድንጋዩ ሰነፈ። ቄጠማ ግን እግሩን ጭቃው ውስጥ ተክሎ መሐላቸው ቆመ። ባሕር ስትመጣ ይሰማታል፤ ስትመለስ ወንዙን ይሰማዋል። ሳልመን የሚባለው ዓሣ ግልገሎችም ጨው እስኪለምዱ እሱ ሥር ተጠለሉ።» ከዚያ ፊታቸው ይጠቁራል። «ሰው መጣና ወንዙን እንደ አስፋልት ቀጥ አደረገው፤ ረግረጉን ደልድሎ ፋብሪካ ሠራበት። ሽማግሌውን አባረረው! እኛ አሁን ‹ይቅርታ፣ ይመለሱ› እያልነው ነው።»

በአንዱ ሰመር እኔንም ይዘውኝ ይሄዱ ጀመር። ልጅ አይፈቀድም ነበር፤ የበጎ ፈቃደኞቹን አስተባባሪ «የልጅ ልጄ ናት፣ ኃላፊነቱ የእኔ» ብለው ለመኑልኝ። የልጅ ልጃቸው ግን አልነበርኩም።

እማዬ እንቁጣጣሽ በመጣ ቁጥር ሳሎን ላይ የፕላስቲክ ሣር እያነጠፈች «ኤጭ! ይሄም ቄጠማ ተብሎ!» ትል ነበር። ያኔ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። የበዓሉ ዋዜማ ቅዳሜ ዋለና፣ ሰዎቹ ምሳ ሲበሉ፣ ባለፈው ዓመት የተተከለውን ለምለሙን ቄጠማ በወረቀት መቁረጫ መቀሴ እየቆረጥኩ ቦርሳዬን ሞላሁ። እማዬ ስታየው እልል አለች። «መኪና ፓርክ ያደረግንበት ጋ አገኘሁት» አልኳት።

በማግስቱ ቄጠማው ሳሎን ላይ ተነጥፎ ሳለ አባባ ሃብቶም ለእንኳን አደረሳችሁ መጥተው በር ላይ ቆሙ።

«ምነው አባባ፣ ይግቡ እንጂ!» አለች እማዬ።

ጎንበስ ብለው አንዱን አገዳ አነሱና በጣታቸው አሹት። የወንዙ ቄጠማ ሦስት ጠርዝ አለው፤ ያንን ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ቀና ብለው አዩኝ። ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። «ያምራል፤ እንኳን አደረሳችሁ» አሉና ጫማቸውን አውልቀው፣ ቄጠማውን ላለመርገጥ ግድግዳውን ይዘው ጥግ ጥጉን ሄደው ተቀመጡ። ቢገርፉኝ ይሻለኝ ነበር።

ሲመሽ ሳይጠሩኝ ጋራዣቸው ሄድኩ። «አይ ኤም ሶሪ» ብዬ አለቀስኩ።

«በአማርኛ።»

«ይቅርታ አባባ።»

«ነቀልሽው ወይስ ቆረጥሽው?»

«ቆረጥኩት። ሥሩን አልነካሁም።»

በረጅሙ ተነፈሱ። «እሰይ! ሽማግሌ ጢሙን ስለላጩት አይሞትም። ግን ሰው ፊት ‹የልጅ ልጄ ናት› ብያለሁ። ቅዳሜ ለአስተባባሪዋ የምትነግሪያት አንቺው ነሽ።»

ቅዳሜ ሲደርስ ነገርኳት። አባባ ሃብቶም፣ ያጠፉት እሳቸው ይመስል፣ ኮፍያቸውን አውልቀው አጠገቤ ቆመው ነበር። ሴትዮዋ አንድ ችግኝ እጄ ላይ አስቀመጠች።

የቆረጥኩት ቦታ ለምለም እስኪሆን ሁለት ዓመት ፈጀበት። ዛሬ እዚያ ስሄድ የቱ ጋ እንደነበር መለየት አልችልም፤ አባባ ሃብቶም ግን ይህን ሳያዩ አረፉ። እማዬ አሁንም በእንቁጣጣሽ የፕላስቲኩን ታነጥፋለች። «ምን ሆነሽ ነው እንደ ድመት ግድግዳ የምትታከኪው? ፕላስቲክ እኮ ነው!» ትለኛለች። አውቃለሁ፤ እኔ ግን እስከ ዛሬ ጥግ ጥጉን ነው የምሄደው።