ኤልደን አልሞትም ያለ ቀን

ኤልደን ክራውዘር ቧንቧ ሠራተኛ ነው። በየታኅሣሡ ደግሞ ይሞታል።

ነገሩ እንዲህ ነው። አሜሪካ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ የድሮውን የሰሜንና የደቡብ የእርስ በርስ ጦርነት በየዓመቱ ለትርዒት እንደ አዲስ የሚዋጉ ሰዎች አሉ። ሰማያዊ ኮት የለበሱት ሰሜኖች ሜዳውን አቋርጠው ወደ ድንጋይ አጥሩ ይሮጣሉ። ግራጫ የለበሱት ደቡቦች ከአጥሩ ኋላ ሆነው ጥይት በሌለው ባሩድ ይተኩሱባቸዋል። ያኔ ውጊያው በተካሄደባት ፍሬድሪክስበርግ ላይ እውነተኞቹ ሰማያዊዎች አንዳቸውም አጥሩ ጋ አልደረሱም፤ ስለዚህ የዛሬዎቹም አይደርሱም። ሕግ ነው።

ችግሩ ምን መሰላችሁ፣ መሞት የሚፈልግ የለም። ሰው ኮት አሰፍቶ፣ ጠመንጃ ወልውሎ፣ ያን ሁሉ መንገድ ነድቶ መጥቶ ገና ሳይጀመር ጭቃ ላይ ይጋደም? ስለዚህ በፈረንጆቹ የወር ተራ፣ እንደየልደታቸው ይሞታሉ። የጥር ልጆች በመጀመሪያው ተኩስ፣ የታኅሣሥ ልጆች መጨረሻ ላይ። ኤልደን የጥር ልጅ ነው። ስንት ዓመት ተዋግቶ ያየው ነገር ሰማይና የሰው ጫማ ብቻ።

ዘንድሮ ደግሞ ሐኪሙ ጉልበቱን ሊቀይርለት ነው፤ ከዚያ ወዲያ ሩጫ የለም። አንዴ ብቻ ያን አጥር በእጁ መንካት አማረው።

ጠዋት አዛዡ ብሪግስ፣ "የጥር ልጆች እጅ አውጡ" ሲል ኤልደን ወፍ ያያል።

"ኤልደን፣ አንተ ጥር አልነበርክም እንዴ?"

"አምና ሞቻለሁ እኮ። እንደገና የተወለድኩት ታኅሣሥ ነው።"

ብሪግስ ስቆ ተወው።

ተኩሱ ተጀመረ። ጥሮች ወደቁ፣ ሚያዝያዎች ወደቁ፣ ታኅሣሦችም ተዘረሩ። ኤልደን ብቻውን እያነከሰ ይሄዳል። ተመልካቹ ሳንድዊቹን ማኘክ አቆመ።

ከአጥሩ ኋላ ያለው ዱዌይን፣ የሚስቱ ወንድም፣ ጭንቅላቱን ብቅ አደረገ።

"ሙት እንጂ፣ ሰውዬ!"

"መቼ መታኸኝ?"

"ደረትህ ላይ ነው የተኮስኩት።"

"አጋዘን ስታድን አይቼሃለሁ፣ ዱዌይን። አታታልለኝ።"

"ሰው እየሳቀብን ነው። ታሪኩን ልታበላሸው ነው እኮ።"

"የበረዶ መጥረጊያዬን መልስና እሞትልሃለሁ።"

"እሺ፣ ዛሬውኑ።"

"መሰላሉስ?"

"ኤልደን..."

"መሰላሉ።"

"መሰላሉም! በቃ ውደቅ።"

አጥሩ ጋ ሊደርስ ሁለት እርምጃ ሲቀረው ኤልደን ለመጨረሻ ጊዜ ወደ ኋላ ዞር አለ። ሜዳው ሙሉ ሰማያዊ ኮት ተነጥፏል። ከላይ ሆኖ አይቶት አያውቅም ነበር። በእውነቱ ጦርነት የሞቱት ሰዎች ትዝ አሉት። እነሱ ጋ ስለ መሰላል የሚደራደር አልነበረም።

ወደቀ። ግን ኤልደን ረጅም ሰው ነው፤ ዛሬ የወደቀውም በሆዱ፣ እጁን ወደ ፊት ዘርግቶ ነው።

"እንደምታዩት አንድም ወታደር አጥሩ ጋ አልደረሰም" አለ ድምፅ ማጉያው።

ዱዌይን ወደ ታች አየ። "ኤልደን፣ እጅህን ሰብስብ።"

ሬሳ አይመልስም። ጣቱ ግን የታችኛዋን ድንጋይ ቀስ አድርጋ ዳበሰቻት።