የመሀሉ አበባ

ሆዴን ሲቆርጠኝ ሰንብቷል። ዛሬ ዐረብ አገር፣ ጅዴይዴ በሚባል ሰፈር፣ ከምሠራበት ሕንፃ ጀርባ ቆሻሻ ልጥል ስወርድ፣ ቢጫ አበባ ያለው ቁጥቋጦ ቀሚሴን ነካውና ጤና አዳም ጤና አዳም ሸተተኝ። ለሆዴ መድኃኒቱ እሱ ነው፤ ግን ቢሆንስ? ባይሆንስ?

ልጅ ሳለሁ አክስቴ ጤና አዳም አምጪ ብትለኝ ሌላ ቅጠል ቀላቅዬ መጣሁ።

«ይሸታል እኮ!» ብዬ ተሟገትኳት።

እጄን አሸተተችና ሳቀች። «የሸተተሽ የገዛ እጅሽ ነው። አንዴ ከነካሽው ወዲያ አፍንጫሽን አትመኚ፤ አበባውን እዪ። ጠርዙ እንደ ነጠላ ዘርፍ የተተለተለ ነው። ሁሉም ባለ አራት ቅጠል ሲሆን፣ ቀድሞ የሚፈካው የመሀሉ ብቻ አምስት አለው።»

ጎንበስ አልኩ። ዘርፉ አለ። ዳር ዳሩ አራት፣ አራት። መሀሉ አምስት! እፎይ አልኩ።

«ያላ!» አለች ማዳሜ ከበረንዳ፣ ቶሎ ነይ ማለቷ ነው።

ቀንበጡን ኪሴ ከተትኩ። ሆዴ ገና ይቆርጠኛል፤ ደረጃውን ግን እጄን እያሸተትኩ፣ ብቻዬን እየሳቅኩ ወጣሁ።